የኋላው ሲግል፦ ተሳቢ በሚጎትት የጭነት መኪና ላይ የኋላ አክስል ሙቀትን ምንጭ ማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ከጅቡቲ ጭኖ የሚመጣ መኪና ሚሌ ወይም ገዋኔ ላይ ዳር ይዞ ይቆማል። የኋላው ግሏል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ረዳቱ ከሥር ይገባል፣ ሹፌሩ ጋራዥ ይደውላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ "ዲፈረንሻሉን እንፍታው" ወደሚል ይሄዳል። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት፣ ይፈታል፤ ማርሾቹ ደህና ሆነው ይገኛሉ፤ ተገጥሞ ሲነሳ መኪናው እንደገና ይግላል።

ይህ የሚሆነው ሙቀቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ መፍቻ ስለሚነሳ ነው። በዚያ ላይ ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉ ትልቁና ትንሹ ዋና ማርሾች) የሚናከሱበት ክፍተት የሚስተካከለው በሚሊሜትር አስረኛ ልክ ነው። አቧራ በሚነፍስበት መንገድ ዳር፣ ያለ መለኪያ የተፈታ ዲፈረንሻል ጤነኛ ሆኖ ገብቶ ታሞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትእዛዝ አንድ ነው፦ ለክታችሁ ሳትጨርሱ አትፍቱ።

## ሙቀት የሚመጣባቸው አራት ቦታዎች

ፍሬን፣ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ)፣ ዲፈረንሻሉ ራሱ፣ እና ተሳቢው። የሚረሳው አራተኛው ነው። የተሳቢው ፍሬን የማይዝ ከሆነ የሁለቱንም ክብደት የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ስለሚሆን የኋላ ታምቡሮች (ፍሬኑ ከውስጥ እየተጫነ የሚይዛቸው፣ ከጎማው ጋር የሚዞሩ ክብ ብረቶች) በጣም ይግላሉ። የተሳቢው ፍሬን የማይለቅ ከሆነ ደግሞ መኪናው ሜዳ ላይም ዳገት እንደሚወጣ ሆኖ ይጎትታል፤ ያኔ የሚግለው የዲፈረንሻሉ ሆድ ነው። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የተሳቢው ነው፣ የሚከሰሰው ግን ዲፈረንሻሉ ነው።

## ከመነሳታችሁ በፊት መኪና ላይ ሊኖር የሚገባው

- በርቀት የሚለካ፣ እንደ ሽጉጥ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ። በዚህ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለም።
- ለሁሉም አቅጣጫ የሚበቃ ታኮ፣ ቢያንስ አራት።
- ጭነቱን የሚችል ክሪክ፣ እና መኪናው የሚያርፍበት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም የእንጨት ግንድ።
- አምራቹ ያዘዘው ዓይነት የዲፈረንሻል ዘይት። ብዙ ጊዜ ጂኤል-5፣ 80ደብሊው-90 ወይም 85ደብሊው-140 ነው።
- የእጅ ጓንት፣ ባትሪ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ደብተር።
- በኋላ ፍሬን ቻምበሮች (ፍሬኑን በንፋስ የሚገፉ ጣሳ መሳይ ቤቶች) ጎን የሚቀመጠው፣ አልለቅም ያለ ፍሬን የሚለቀቅበት ረጅም መቆለፊያ ብሎን (ደረጃ 4)። ቦታው ላይ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። አብዛኛው ሹፌር መጥፋቱን የሚያውቀው የሚያስፈልገው ቀን ነው።

## ደረጃ 1፦ በአግባቡ አቁሙ

1. ሽታው ወይም ጭሱ ሲመጣ ፍጥነት የምትቀንሱት በማርሽና በሞተር ፍሬን ይሁን። ፍሬን ላይ አትቁሙ።
2. ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ደረቅ ሳር፣ ነዳጅ ማደያና ሌላ መኪና አጠገብ አትቁሙ።
3. ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ታምቡሩ በጣም ከጋለና ቦታው ሜዳ ከሆነ በታኮው ላይ ተማምናችሁ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት፤ የጋለ ታምቡር ተይዞ ሲበርድ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቦታው ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ግን የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ሰው ከታምቡር ይበልጣል።
4. አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ከኋላም ከፊትም ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ብትጠቀሙ ስትነሱ አንሱት። ለታኮ የተደረገ ድንጋይ አስፋልት ላይ ቀርቶ በሌሊት የሚመጣውን ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን።

ማስጠንቀቂያ፦ በጋለ ታምቡር፣ ሞዞ (የጎማው መሃል እምብርት) ወይም ዲፈረንሻል ላይ ውኃ አታፍስሱ። ብረቱ በድንገት ሲበርድ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ዛሬ ባይታይ ነገ ቁልቁለት ላይ ይታያል። ጎማው የሚጨስ ከሆነ ደግሞ በጎኑ በኩል ፈጽሞ አትቅረቡ። ከውስጥ የጋለ ጎማ ሲፈነዳ በጎን ነው የሚወጣው፤ ሁላችሁም ራቁ፣ ለረጅም ጊዜ ይብረድ።

## ደረጃ 2፦ ሙቀቱን በካርታ አስቀምጡ

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ፣ አንድም ቦታ አትዝለሉ።

መለካት ያለባችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሜዳ መንገድ ተነድቶ፣ መጨረሻው ላይ ፍሬን ሳይረገጥ ቀስ ተብሎ ከተቆመ በኋላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ወይም ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ወርዳችሁ ወዲያው ብትለኩ የሁሉም መኪና ታምቡር ግሎ ታገኙታላችሁ። የዓባይ ሸለቆ ቁልቁለት ብቻውን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ግራና ቀኝን ማወዳደር ይጠቅም ይሆናል፣ ቁጥሩ ራሱ ግን ምንም አይነግራችሁም።

እንደቆማችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ለኩና ጻፉ፦

1. የአየሩን ሙቀት፣ በጥላ።
2. የዲፈረንሻሉን ሆድ፣ ዘይቱ በሚተኛበት በታችኛው በኩል።
3. የዲፈረንሻሉን አፍንጫ፣ ማለትም ካርዳኑ (ከሞተር በኩል ኃይል የሚያመጣው ረጅም ዘንግ) የሚገባበትንና የፒኞኑ ኩሽኔታ ያለበትን።
4. የግራና የቀኝ ሞዞ መሃል።
5. የግራና የቀኝ ታምቡር።
6. ሁለት የኋላ አክስል ካለው፣ ለሁለተኛውም እንዲሁ።
7. የተሳቢውን ታምቡሮች፣ አንድ በአንድ።

መለኪያውን በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አታነጣጥሩ፤ ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ቀለም የተቀባ ወይም የደረቀ ቆሻሻ የያዘ ቦታ ምረጡ፣ እያንዳንዱንም ከአንድ ዓይነት ርቀት ለኩ።

መለኪያ ከሌለ፦ የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አስጠጉና ግራና ቀኙን አወዳድሩ። ለዲፈረንሻሉ ሆድ በጣታችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ ውኃ ርጩበት። ቀስ ብሎ እየተነነ ከደረቀ ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ቺስ ብሎ እየፈላ ከዘለለ ከዚያ በላይ ነው። ጠብታ እንጂ ጆግ አላልኩም።

## ደረጃ 3፦ ቁጥሩን አንብቡ

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የአየሩን ሙቀት ቀንሱ። አፋር ውስጥ እኩለ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አዳማ ጠዋት 18 ሊሆን ይችላል። ሚሌ ላይ 105 ያነበበና አዳማ ላይ 83 ያነበበ ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ጤና ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለማወዳደር ነው፤ የሚከተሉት ልኮች ግን የአየሩ ሙቀት ሳይቀነስ ነው። ጭኖ የሚሄድ መኪና የዲፈረንሻል ዘይት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ቢደርስ አትደንግጡ፤ ረጅም ዳገት ላይ ትንሽ ሊያልፍም ይችላል። ወደ 120 ሲጠጋ ግን ማዕድናዊው ዘይት በፍጥነት መበላሸት ይጀምራል፤ ቁሙ። የቤቱ ውጫዊ ብረት ከዘይቱ ጥቂት ዲግሪ አንሶ እንደሚነበብም አትርሱ።

ከዚያ ከሚከተሉት ያገኛችሁትን ፈልጉ፦

- አንድ ታምቡር ከጓደኛው በጣም ግሏል፣ ታምቡሩም ከሞዞው ይበልጣል፦ ፍሬኑ አልለቀቀም። ወደ ደረጃ 4።
- አንድ ሞዞ ግሏል፣ ከታምቡሩም ይበልጣል፦ ኩሽኔታ ነው። ወደ ደረጃ 6።
- የመኪናው የኋላ ታምቡሮች ሁሉ ግለዋል፣ የተሳቢው ቀዝቃዛ ናቸው፦ ተሳቢው ፍሬን አይዝም። ወደ ደረጃ 5።
- የዲፈረንሻሉ ሆድ ግሏል፣ የተሳቢው ታምቡሮችም ግለዋል፦ የተሳቢው ፍሬን አይለቅም። ይህም ወደ ደረጃ 5።
- ሆዱ ወይም አፍንጫው ግሏል፣ ጎማዎቹና ተሳቢው ደህና ናቸው፦ አሁን ዲፈረንሻሉን መጠርጠር ትችላላችሁ። ወደ ደረጃ 7።

ሁሉም ነገር እኩል ከጋለና ተለይቶ የወጣ ቦታ ከሌለ የጭነቱን ወረቀት እዩ። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ላይ ብልሽት መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

## ደረጃ 4፦ ያልለቀቀ ፍሬን

1. የንፋስ ጌጁን እዩ። የእጅ ፍሬኑን ስፕሪንግ አስጨንቆ የሚይዘው ንፋስ ነው፤ ግፊቱ ወደ 5 ባር አካባቢ ሲወርድ ስፕሪንጉ ቀስ በቀስ መያዝ ይጀምራል። ሹፌሩ ለቅቄአለሁ ይላል፣ ሸራው (ታምቡሩን እያሸ የሚያቆመው የፍሬን ልባስ) ግን ታምቡሩን እየላሰ ይሄዳል። ንፋስ የሚያስወጣ ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ድፈኑ።
2. ከታኮ በኋላ የተጠረጠረውን ጎማ በክሪክ አንሱ፣ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ።
3. ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቃችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። የዲፈረንሻሉ ክብደት ይኖራል፤ ሸራ የሚያሽ ድምፅ ግን ሊኖር አይገባም።
4. ረዳቱ ፍሬን ይርገጥና ይልቀቅ። እናንተ የቻምበሩን ዘንግ እዩ። ወጥቶ ወዲያው ካልተመለሰ የመመለሻ ስፕሪንጉ ተሰብሯል፣ ወይም የፍሬኑ ዘንግ በቆሻሻና በዝገት ተይዟል። ግሪስ ጠጥቶ ነፃ መሆን አለበት።
5. የቻምበሩ ዘንግ ተመልሶ ጎማው አሁንም ከያዘ ፍሬኑ ከልክ በላይ ጠብቋል። በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ጎማው በነፃነት እስኪዞር ድረስ መልሱት። ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ በቁልፍ እየመለሱ መሄድ መፍትሔ አይደለም፤ ራሱ ወይም አጠገቡ ያለ ነገር ተበላሽቷልና ይቀየር።
6. ፍሬኑ ሲለቀቅ ከቫልቩ ንፋስ የሚወጣበትን "ጺስ" ስሙ። ካልተሰማ ወይም ከዘገየ ቫልቩ ተጣብቋል፣ አለዚያም ቱቦው ከውስጥ አብጦ ንፋሱን አስቀርቷል። ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ካልለቀቀላችሁ፦ ጎማዎቹን በታኮ አስጠብቁ። መቆለፊያውን ብሎን በቻምበሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ አስገብታችሁ፣ ሩብ ዙር አዙራችሁ አስይዙት፣ ከዚያ ዳዶውን እያጠበቃችሁ ስፕሪንጉን ሰብስቡ። ከዚህ በኋላ ያ ጎማ የእጅ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት አትውረዱ፣ ቀስ ብላችሁ እስከ ቅርቡ ጋራዥ ብቻ ሂዱ።

የቻምበሩን ቀለበት ፈጽሞ አትፍቱ። ውስጡ የታጨቀው ስፕሪንግ ሲለቀቅ ሰው ይገድላል።

## ደረጃ 5፦ ተሳቢው

ተሳቢው የማይዝ ከሆነ፦

1. ሁለቱን ቱቦዎች እዩ። በአውሮፓ አሠራር ቀዩ ዋናውን ንፋስ፣ ቢጫው የፍሬኑን ትእዛዝ ያደርሳል። ተለዋውጠው ተገጥመው ወይም ማገናኛው ላይ በቆሻሻ ታፍነው እንደሆነ አረጋግጡ።
2. መዝጊያ ቧንቧ ካለ ክፍት ይሁን። ተሳቢ ሲፈታ ተዘግቶ፣ ሲቀጠል የሚረሳ ነገር ነው።
3. ረዳቱ ፍሬን ይያዝ። እያንዳንዱ የተሳቢ ቻምበር ዘንግ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ርቀት የሚወጣ ከሆነ ሸራው አልቋል ወይም አልተስተካከለም።
4. ቻምበሩ እየሠራ ታምቡሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ሸራው ላይ ግሪስ ወይም ዘይት ፈስሶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየር።

የማይለቅ ከሆነ ደረጃ 4ን በተሳቢው ጎማዎች ላይ ድገሙት። ቀላል ፈተና አለ፦ ሜዳና ባዶ ቦታ ላይ በእግር ፍጥነት እየሄዳችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍሪሲዮን ርገጡ። ጭነት ያለው መኪና በራሱ መንከባለል አለበት። እንደተያዘ ነገር ወዲያው ከቆመ ከኋላ የሚጎትት አለ።

አንዳንድ ባለንብረት የተሳቢ ፍሬን ማሠራትን ወጪ ነው ብሎ ያዘገያል። ያ ወጪ በመኪናው ሸራ፣ በታምቡርና በጎማ በኩል እጥፍ ሆኖ ይከፈላል፤ ሹፌሩ ደግሞ ጣርማበርን በግማሽ ፍሬን ይወርዳል። ይህን ለባለንብረቱ በግልጽ ንገሩት፣ የለካችሁትንም ቁጥር አሳዩት።

## ደረጃ 6፦ የጎማ ኩሽኔታ

1. ጎማውን አንሱ፣ ማቆሚያ ላይ አሳርፉ።
2. ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። በግልጽ የሚሰማ ክፍተት ካለ ኩሽኔታው ለቅቋል ወይም ተበልቷል።
3. አዙሩት። እንደ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ከሰማችሁ መኪናው በዚያ ጎማ አይሄድም።
4. በቸርኬው ውስጠኛ በኩል ዘይት ወይም ግሪስ ፈስሶ እንደሆነ እዩ። ፓራዮሊው (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) ካስወጣ ኩሽኔታው ደርቋል፤ ዘይቱ የፍሬን ሸራም ላይ ደርሶ ይሆናል።

ጎማው በቅርቡ ተፈትቶ ከተገጠመና ከዚያ ወዲህ መጋል ከጀመረ የኩሽኔታው ዳዶ ከልክ በላይ ጠብቆ ይሆናል። ሞዞውን በግሪስ ጢም አድርጎ መሙላትም ራሱ ያግላል፤ ግሪሱ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይፈልጋል።

## ደረጃ 7፦ ዘይቱና ማስተንፈሻው

ዲፈረንሻሉ ላይ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አሁንም መፍታት የለም።

1. መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ቀዝቀዝ ይበል። በውስጡ የታመቀ ግፊት ሊኖር ስለሚችል የመሙያውን ብሎን ቀስ ብላችሁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ፍቱ።
2. የዘይቱ ልክ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ነው። ጣት ሰድዶ ዘይት መንካት "ሞልቷል" ማለት አይደለም፤ ጣት የሚደርስበት ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ከመጠን በላይ ቢሞላም አረፋ ይሠራል፣ ይግላል፣ ፓራዮሊ ይገፋል።
3. ጥቂት ዘይት አውጥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አንጠብጥቡ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። ጠቁሮ የሚከረፋ ከሆነ ተቃጥሏል። በብሎኑ ጫፍ ማግኔት ካለ፣ በእሱ ላይ እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ብረት ግን ማርሽ ወይም ኩሽኔታ እየተሰበረ መሆኑን ይናገራል።
4. ከአክስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተንፈሻ ፈልጉ። በጭቃና በአቧራ ከተደፈነች በናፍጣ እጠቡ፣ በንፋስ ንፉ። ዘይቱ ሲግል የሚሰፋው አየር መውጫ ካጣ በፓራዮሊው ገፍቶ ይወጣል፤ ዘይቱም አብሮ። በዓመት ሦስት ጊዜ ፓራዮሊ የሚቀይር ሰው ይህችን ይመልከት።
5. አንዳንድ መኪና በጎማው ሞዞ ውስጥም ማርሽ አለው፤ የዚያ ዘይት ለብቻው ሊሆን ስለሚችል ለብቻው እዩት።

አፍንጫው ብቻ፣ ያውም ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ልብ በሉ። መኪናው ሽቅብ ሲያይ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጎድሎ ከሆነ መጀመሪያ የሚደርቀው የፊተኛው የፒኞን ኩሽኔታ ነው። ከአዋሽ ወደ አዳማ ባለው ረጅም ዳገት በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ፣ በቂ ነፋስ ሳያገኝ ሲወጣ ይህ ጎልቶ ይታያል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረ፣ መተሃራን አልፎ የሚሸት መኪና ካላችሁ ልኩን እንደገና እዩ።

የሞተር ዘይት አትጨምሩበት። ኮሮናና ፒኞን እየተንሸራተቱ በከፍተኛ ጫና የሚሠሩ ስለሆኑ ያንን የሚችል ዘይት ይፈልጋሉ።

## ደረጃ 8፦ ሎክና ጎማ

ዘይቱ ደህና ሆኖ ሆዱ ከጋለ እነዚህን ሁለቱን እዩ።

- ሎክ፦ አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ የገባ የዲፈረንሻል ሎክ (ጎማዎቹ እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድደው መቆለፊያ) አስፋልት ላይ ሳይወጣ ከቀረ ማርሾቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። የዳሽቦርዱን መብራት ብቻ አትመኑ፤ ቀስ ብላችሁ ጠባብ ኩርባ አዙሩ። ጎማው ከጮኸና መኪናው መታጠፍ ከከበደው ሎኩ አልወጣም።
- የጎማ ልክ፦ ሁለት የኋላ አክስል ባለው መኪና አንዱ ላይ አዲስ፣ ሌላው ላይ ያለቀ ጎማ ካለ በመካከላቸው ያለው ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለ ዕረፍት ይዞራል። ነፋሳቸውን አስተካክላችሁ የእያንዳንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከበለጠ ጎማዎቹን አሰባጥሩ። በጥንድ ጎማ ውስጥ አንዱ ነፋስ ከጎደለውም ያው ነው።

## ደረጃ 9፦ ድምፁን ስሙ

ነዳጅ ሲሰጥ የሚያፏጭ፣ ሲለቀቅ ዝም የሚል ወይም የሚገለበጥ ድምፅ የኮሮናና የፒኞን ነው። በሁለቱም ጊዜ የሚያጓራ ኩሽኔታ ነው። ሲታጠፍ ብቻ የሚያንኳኳ በውስጥ ያሉት ትናንሾቹ ማርሾች ናቸው። ከስባሪ ብረት ጋር አንዱ ከተገኘ አሁን ዲፈረንሻሉ ይፈታ፤ ግን የክፍተት መለኪያ ባለው ጋራዥ፣ በጣሪያ ሥር።

## መሄድ ወይስ መቆም

ቀስ ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ፦ ዘይት ጎድሎ ተሞልቶ ስባሪ ከሌለ፤ ማስተንፈሻ ብቻ ተደፍኖ ከነበረ፤ ሎክ ከወጣ፤ ፍሬን ከተስተካከለ። 20 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና ለኩ።

ተሳቢውን ፈትታችሁ፣ ጥበቃ ትታችሁ ሂዱ፦ የተሳቢው ፍሬን መንገድ ላይ የማይሠራ ከሆነ፣ በተለይ ከፊታችሁ ቁልቁለት ካለ።

አትንቀሳቀሱ፦ ኩሽኔታ ከፈጨ፣ ዘይቱ ውስጥ ስባሪ ካለ፣ ታምቡር ከተሰነጠቀ። ጥፋቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ከሆነና መኪናው መጎተት ካለበት ሴሚያሶቹ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች) በሁለቱም በኩል ይውጡ፤ የሞዞው አፍ አቧራ እንዳይገባና ዘይት እንዳይፈስ በልኩ በተቆረጠ ላስቲክና ላሜራ ይዘጋ። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ግን ሴሚያስ ማውጣት አያድንም፤ ያ ጎማ መሬት ሳይነካ ተነስቶ ወይም በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) መሄድ አለበት።

ከጥገና በኋላ በዚያው መንገድ፣ በተመሳሳይ ጭነት ደረጃ 2ን ድገሙና አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው አጠገብ ጻፉ። ደብተሩ ከመኪናው ጋር ይቆይ፤ ሹፌር ሲቀየር ለሚቀጥለው ይሰጥ።